በሞት ምጣኔ ትንበያ ውስጥ ትውልድን ማስገባት፦ ሰያፉን መስመር ከማመን በፊት

የቀረበው ጥያቄ፦ «ለአንድ የጡረታ ፈንድ የሞት ምጣኔ ትንበያ እየሠራሁ ነው። መረጃዬ ከ1961 እስከ 2019 ያለውን ዘመንና ከ30 እስከ 95 ያለውን ዕድሜ ይሸፍናል። በሊ–ካርተር ሞዴል ሠርቼ ቀሪዎቹን (ሞዴሉ ያልገለጸውን ልዩነት) በቀለም ካርታ ስስላቸው ሰያፍ መስመሮች ወጡ፤ በአንዳንድ ዓመታት የተወለዱት ሞዴሉ ከሚለው ያነሰ፣ ሌሎቹ የበለጠ ይሞታሉ። የትውልድ ክፍል ስጨምርበት ከመረጃው ጋር ልክክ አለ። ችግሩ ግን አንድ ዓመት መረጃ በጨመርኩ ቁጥር ትንበያው ይዘላል። አለቃዬ ‹ቢአይሲው የተሻለውን ውሰድና ጨርስ› ይለኛል። የትውልድን ልዩነት በአግባቡ የማስገባው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦

ትውልዱን ያስገቡት። ሲያስገቡት ግን መረጃው ብቻውን «ይህ የትውልድ ነው፣ ያ የዘመን ነው» ብሎ ሊለይልዎ እንደማይችል አውቀው ይሁን። የሚለዩት እርስዎ ነዎት። ትንበያዎ የሚዘለውም እርስዎ ያልወሰኑትን ነገር ሞዴሉ በየዓመቱ እንደ አዲስ በራሱ ስለሚወስን ነው። ቢአይሲ (ሞዴል ከመረጃው ጋር መግጠሙን በውስጡ ላሉት ቁጥሮች ብዛት ከሚጣል ቅጣት ጋር የሚያመዛዝን መምረጫ መለኪያ) ይህን አያይም፤ የሚመዝነው ያለፈውን ብቻ ነው። አለቃዎ ጋ በኋላ እንመለሳለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሰያፉ ምን እንደሆነ እንግባባ። ሠንጠረዥዎ ወደ ጎን ዓመት፣ ወደ ታች ዕድሜ ነው። በ1931 የተወለደ ሰው በ1991 ዕድሜው 60፣ በ1992 61፣ በ1993 62 ይሆናል፤ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ታች። አንድ ትውልድ በሠንጠረዡ ላይ የሚጓዘው እንዲህ በሰያፍ ነው። ሮናልድ ሊ እና ሎውረንስ ካርተር በ1992 ያወጡት ሞዴል ይህን መንገድ አያውቀውም። ለእያንዳንዱ ዕድሜ አንድ አማካይ ደረጃ ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የዘመን ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ዕድሜ ለዘመኑ ቁጥር ምን ያህል እንደሚነቃነቅ የሚናገር ማባዣ ይጨምራል። በሰያፍ የሚሄድ ነገር ሲመጣበት የሚያስቀምጥበት ኪስ የለውምና ወደ ቀሪው ይጥለዋል። ካርታዎ ላይ ያዩት የተጣለውን ነው።

የተጣለው ነገር ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። በ1934 ከርማክ፣ ማክኬንድሪክ እና ማክኪንሌይ የእንግሊዝና ዌልስን፣ የስኮትላንድንና የስዊድንን የሞት ምጣኔዎች ዘርግተው ሲያዩ፣ ቅናሹ ከቀን መቁጠሪያው ይበልጥ የልደት ዘመንን ተከትሎ እንደሚሄድ አስተውለዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብሪታንያ ውስጥ ከ1925 እስከ 1945 በተወለዱት ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ1931 ግድም የተወለዱት መሃል ላይ ሆነው፣ የዚህ ትውልድ የሞት ምጣኔ ከፊቱም ከኋላውም ከነበሩት በፈጠነ ሁኔታ ይወርድ ነበር፤ «ወርቃማው ትውልድ» የሚል ስምም ወጣለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የተባለው ቅናሹ ፈጠነ ነው። ደረጃው ከሁሉም ዝቅ አለ ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል።

ለትንበያ ሠሪ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው ግን የዴንማርክ ሴቶች ታሪክ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የዴንማርክ ሴቶች አማካይ የዕድሜ ርዝማኔ ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል፤ የጎረቤታቸው የስዊድን ሴቶች ግን ሽቅብ መውጣታቸውን አላቋረጡም። በዚያን ጊዜ ሊ–ካርተርን የሚያሠራ ሰው የዘመኑ ቁጥር እንደተገተረ አይቶ ወደፊትም እንደተገተረ ይቀጥላል ማለቱ የማይቀር ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን የቆመው ዘመኑ አልነበረም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተወለዱ ሴቶች፣ በብዛት ያጨሰ ትውልድ፣ በዚያው ሰሞን የሞት ምጣኔ ክብደት በሚያገኝበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር። እነሱ እያለፉ ሲሄዱ አማካዩ ዕድሜ እንደገና መርዘም ጀመረ። የትውልድ ክፍል ጥቅሙ እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ የሚያልፈውን ችግር ከማያልፈው ይለይልዎታል።

ይህን ሲያነቡ «እንግዲያው ክፉ ዘመን ላይ የተወለደ ሁሉ ምልክቱን ይዞ ይኖራል» ብለው እንዳይደመድሙ፣ ፊንላንድንም ልጨምርልዎ። ከ1866 እስከ 1868 በዚያች አገር ከባድ ረሃብ ነበር። ካኒስቶ፣ ክሪስተንሰን እና ቮፔል በ1997 እንዳሳዩት፣ በረሃቡ ዓመታት ተወልደው የተረፉት ሰዎች በኋለኛው ዕድሜያቸው ከፊትና ከኋላ ከተወለዱት የተለየ ሞት አልታየባቸውም። የትውልድ ተጽዕኖ አለ ለማለት ያለፈ መከራ መጥቀስ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ካርታ። ሰያፉን ከማመንዎ በፊት አካፋዩን ይጠርጥሩ።

የሞት ምጣኔ ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ ሟቾች፣ ከታች ለሞት የተጋለጠው ሕዝብ። ሟቾቹ ከምዝገባ ስለሚመጡ ምዝገባው ደህና በሆነበት አገር ብዙም አያሳስቡም። የታችኛው ግን ግምት ነው። ብዙ ጊዜ በዓመቱ አጋማሽ ላይ በዚያ ዕድሜ ላይ የነበረው ሕዝብ ይወሰዳል። ይህ ደግሞ የሚሠራው ልደት በዓመቱ ወራት ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ሲከፋፈል ነው። ልደት በድንገት ከወደቀ ወይም ከፈነዳ፣ የግምቱ ስሕተት ከዚያ ትውልድ ጋር ተጣብቆ በየዓመቱ አብሮት ያረጃል። ካርታው ላይ ሲታይ ከእውነተኛ የትውልድ ተጽዕኖ ጋር መንታ ነው የሚመስለው።

በእጃችን እንሥራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። በ1918 የመጀመሪያ ግማሽ 45 ሺህ፣ በሁለተኛው ግማሽ 40 ሺህ ሕፃናት ተወለዱ እንበል። በ1919 የመጀመሪያ ግማሽ 40 ሺህ፣ በሁለተኛው 60 ሺህ። በ1920 የመጀመሪያ ግማሽ 70 ሺህ፣ በሁለተኛው 60 ሺህ። ስሌቱ እንዲቀልልን እስከ 1989 ማንም አልሞተም ብለን እንውሰድ፤ ከዚያም በ1989 የ70 ዓመት ሰዎችን ምጣኔ እንፈልግ።

ጁላይ 1 ቀን 1989 ላይ ዕድሜያቸው 70 የሆነው ከጁላይ 1918 እስከ ጁን 1919 የተወለዱት ናቸው፤ 40 ሲደመር 40፣ 80 ሺህ። አካፋዩ ይህ ሆነ። በዚያ ዓመት በ70 ዕድሜ ላይ የታለፈውን ትክክለኛ ሰው-ዓመት (ሰዎቹ በዚያ ዕድሜ የኖሩበትን ጊዜ ድምር) ስንቆጥር ግን ሌሎችም ይመጣሉ። በማርች 1918 የተወለደ ሰው እስከ ማርች 1989 ድረስ ገና 70 ነው። በ1919 መጨረሻ የተወለደውም በ1989 መጨረሻ ላይ 70 ይገባል። ሲሰላ፣ የ1918 የመጀመሪያ ግማሽ ልጆች በአማካይ የዓመቱን ሩብ፣ የሁለተኛው ግማሽ ልጆች ሦስት አራተኛውን፣ የ1919 የመጀመሪያ ግማሽ ልጆች ሦስት አራተኛውን፣ የሁለተኛው ግማሽ ልጆች ሩቡን በ70 ዕድሜ ያሳልፋሉ። 11.25 ሲደመር 30 ሲደመር 30 ሲደመር 15፣ 86.25 ሺህ ሰው-ዓመት። ሟቾቹ የሚመጡት ከ86.25 ሺህ፣ የምናካፍለው ለ80 ሺህ። ምጣኔው ያለ ምንም በሽታ በ7.8 በመቶ አበጠ።

በዚያው ዓመት 69 ዓመት የሆናቸውን በተመሳሳይ መንገድ ያስሉ። የአጋማሽ ዓመቱ ሕዝብ 130 ሺህ ነው፤ ትክክለኛው ሰው-ዓመት ግን 122.5 ሺህ። ምጣኔው በ5.8 በመቶ ኮሰሰ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ሰዎች 71 እና 70 ይሆናሉ፤ ስሕተቱም በሠንጠረዡ ላይ አብሯቸው አንድ ረድፍ ወደ ታች ይሄዳል። አንድ ቀይ ሰያፍ፣ ከጎኑ አንድ ሰማያዊ ሰያፍ፣ እስከ ሠንጠረዡ ጫፍ። በጤና ረገድ ግን የ1919 ልጆች ከ1920 ልጆች በምንም አልተለዩም።

ዓመታቱንም እንዲሁ አልመረጥኳቸውም። በእንግሊዝና ዌልስ በ1919 ልደት የተከፋፈለው በዚህ ዓይነት ነበር፤ ወታደሮች ከጦርነቱ እስኪመለሱ አብዛኛውን ዓመት ዝቅ ብሎ ቆየ፣ በዓመቱ መጨረሻና በ1920 ሽቅብ ተተኮሰ። እስጢፈን ሪቻርድስ በ2008 በዚህ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ኬርንስ፣ ብሌክ፣ ዳውድ እና ኬስለር በ2016 ነገሩን አስፍተው፣ በመረጃው ውስጥ የተደበቁ እንዲህ ያሉ የሌሉ ትውልዶችን ማደኛ ዘዴ አበጁ። ብዙዎቻችን መረጃ የምንቀዳበት የሰው ልጅ የሞት መረጃ ቋትም በኋላ ዘዴውን ሲያሻሽል ወርሃዊ የልደት ቁጥርን በስሌቱ ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ መረጃዎን ከየት፣ በየትኛው ጊዜ እንደቀዱት ይመልከቱ። አሮጌ ቅጂ ኮምፒውተርዎ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ ተይዣለሁ። አንድ ቀጭን ሰያፍ አይቼ ስለ ልጅነት ምግብና ስለ ክትባት አንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ አዲሱን ቅጂ ሳወርድ ሰያፉም ማብራሪያዬም አብረው ጠፉ።

የሌለውን ትውልድ ካለው የሚለዩበት ምልክት አለ። የስሕተት ሰያፍ ቀጭን ነው፤ አንድ ወይም ሁለት የልደት ዓመት ብቻ ይይዛል። ጎረቤቱ ደግሞ ተቃራኒ ምልክት ይኖረዋል፤ አንዱ ካበጠ ሌላው ይኮሰሳል። በወንድና በሴት ላይ መጠኑ ተቀራራቢ ነው፣ ምክንያቱም ወንድም ሴትም የተወለዱት በዚያው ወር ነው። ከዕድሜ ዕድሜም ብዙ አይለዋወጥም። እውነተኛው ግን ሰፊ ነው፤ አሥር፣ ሃያ የልደት ዓመት ይሸፍናል፣ ጠርዙ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ በወንድና በሴት ላይ ይለያያል፣ በሞት መንስኤ ሲከፋፈልም አንዱ መንስኤ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ማጨስ ያመጣው ከሆነ የሳንባ ካንሰር ላይ ይጮኻል፤ በሌሎቹ ላይ ድምፁ ይቀንሳል። የሁለቱን ጾታ ካርታ ጎን ለጎን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።

ቀጭን ሰያፍ ካገኙ ወርሃዊ ልደት ካለዎት አካፋዩን ያስተካክሉ፤ ከሌለዎት ለእነዚያ የልደት ዓመታት ዜሮ ክብደት ይስጧቸው። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሞዴል ምርጫ አይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ። ቀላሉን የዕድሜ–ዘመን–ትውልድ ሞዴል እንውሰድ፦

የሞት ምጣኔው ሎጋሪዝም = ዕ + ዘ + ት

ዕ በዕድሜ፣ ዘ በዓመት፣ ት በልደት ዓመት የሚለዋወጡ ቁጥሮች ናቸው። የልደት ዓመት ማለት ደግሞ ዓመት ሲቀነስ ዕድሜ ነው። ሦስቱ ሦስት ነገር አይደሉም፤ ሁለቱን ካወቁ ሦስተኛው ታወቀ። መዘዙ ይህን ይመስላል፤ ሁለት ባለሙያዎች አንድ መረጃ ወሰዱ እንበል። የመጀመሪያው ዘ በየዓመቱ በ0.02 ይወርዳል፣ ት ምንም ዝንባሌ የለውም አለ። ሁለተኛው ዘ በየዓመቱ በ0.01 ይወርዳል፣ ት ደግሞ በእያንዳንዱ የልደት ዓመት በ0.01 ይወርዳል አለ፤ ዕ ላይ ከዚሁ ጋር የሚመጣጠን ማስተካከያ አደረገ፣ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 0.01 ቀነሰ። ደምረው ቢያዩት የሁለቱም ድምር በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ ነው። አንዱ ከሌላው ተሽሎ አይገጥምም፤ ቢአይሲያቸውም በአሥርዮሽ እንኳ አይለያይም።

እስከዚህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲተነብዩ ነው። በእርስዎ መረጃ የመጨረሻው የልደት ዓመት 1989 ነው፤ የታየውም አንዴ ብቻ፣ በ2019 በ30 ዓመቱ። ከአምስት ጊዜ በታች የታዩትን ብንተው የመጨረሻው የሚታመን ትውልድ 1985 ይሆናል። ሁለቱም ባለሙያዎች ከ1985 በኋላ ለሚመጡት ትውልዶች ት ባለበት ይቆይ ብለው ወሰኑ፤ በጣም የተለመደ ውሳኔ ነው። እስኪ 2049ን እንይ።

የ80 ዓመት ሰው በ2049 የ1969 ልጅ ነው፤ ትውልዱ ታይቷል። ለመጀመሪያው ባለሙያ ቅናሹ በ30 ዓመት 0.60 ነው። ለሁለተኛው ከዘ 0.30፣ ከት (ከ1939 ወደ 1969) 0.30፣ በድምሩ 0.60። ተስማሙ። የ40 ዓመት ሰውስ? በ2049 የ2009 ልጅ ነው፤ ያልታየ። መጀመሪያው አሁንም 0.60 ይላል፤ ምጣኔው በ45 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ከዘ 0.30፣ ከት (ከ1979 ወደ 1985፣ ከዚያ ቆመ) 0.06 ብቻ፣ በድምሩ 0.36፤ የ30 በመቶ ቅናሽ። አንድ መረጃ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓይነት የመግጠም ጥራት፤ የትንበያው ልዩነት ግን በ45 እና በ30 በመቶ መካከል። ሠንጠረዥዎ ላይ ይህን የሚዳኝ አንድም ሕዋስ የለም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር ይዘው ይሂዱ። አንደኛ፣ ት ላይ የዝንባሌ ገደብ ያድርጉ፤ ድምሩ ዜሮ፣ በልደት ዓመት ላይ ያለው ቀጥተኛ ዝንባሌም ዜሮ ይሁን። ያን ጊዜ ረጅሙ የቅናሽ ጉዞ በሙሉ የዘ ይሆናል፤ ት የሚይዘው ከዚያ መስመር በላይና በታች ያለውን ጉብታና ጎድጓዳ ብቻ ነው። ይህ ስምምነት ነው፣ ግኝት አይደለም፤ ሪፖርትዎ ላይም ስምምነት ብለው ይጻፉት። ሁለተኛ፣ የእርስዎ ሥራ የጡረታ ፈንድ በመሆኑ ዕድለኛ ነዎት። ከ2019 በኋላ በ20 ዓመት ውስጥ ዕድሜው ከ54 በላይ የሚሆነው ሁሉ ትውልዱ አስቀድሞ የታየ ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ከ64 በላይ ያለው። የትውልድ ክፍል እውነተኛ ጥቅም የሚሰጥዎ እዚህ ክልል ውስጥ ነው። ለ25 ዓመት ወጣቶች የሕይወት መድን የሚሸጥ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

ስለ ትንበያዎ መዝለል። ገለጻዎን ሳየው በ2006 ሬንሾ እና ሃበርማን ያቀረቡትን ዓይነት ተጠቅመዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ለዘም ለትም በየዕድሜው የተለያየ ማባዣ ያለው። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ሁለቱ ማባዣዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እየቀሙ ይጫወታሉ፤ ስሌቱ ለመርጋት ብዙ ዙር ይፈጅበታል፣ መነሻ ቁጥሩን ቢቀይሩ ሌላ ቦታ ሊቆም ይችላል፣ አንድ ዓመት ሲጨመር ደግሞ ክምሩን እንደገና ሊያከፋፍለው ይችላል። የትውልዱን (የ«ት»ን) ማባዣ በሁሉም ዕድሜ 1 አድርገው ይዝጉት። የመግጠም ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ መዝለሉ ግን በአብዛኛው ይተዋል። እኔ ይህን ልውውጥ ሁልጊዜ እቀበላለሁ። ሟቾቹን በፑዋሶን ስርጭት (ለቆጠራ ቁጥሮች በሚያገለግለው) አድርገው ይግጠሙ፣ በትንንሽ ሕዋሶች ላይ ሎጋሪዝም ቀጥታ መውሰድ ያሳስታል።

ማባዣውን 1 ማድረግ የራሱ ዋጋ አለው፣ አልደብቅዎትም። «ይህ ትውልድ በ45 ዓመቱ 8 በመቶ ይሻላል፣ በ92 ዓመቱም 8 በመቶ ይሻላል» እንደማለት ነው። በሕይወት ውስጥ እንዲህ አይሆንም። የትውልዱ ልዩነት በማጨስ የመጣ ከሆነ፣ በብርቱ ያጨሱት ከ90 በፊት ቀድመው ይሞታሉ፤ የቀረው ከሌላው ትውልድ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከ85 ግድም ጀምሮ ማባዣው ቀስ እያለ እንዲወርድ በእጅ መሥራት ይቻላል። ይህ ውሳኔ ገንዘብ ላይ ይታያል፤ ረጅም የሚከፈለው ለእነዚህ ሰዎች ነውና። ከ60 በላይ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የኬርንስ–ብሌክ–ዳውድን ሞዴል ከትውልድ ክፍልና ከዕድሜ ካሬ ጋር ይሞክሩት፤ በዚያ ላይ ግን የትውልዱ (የ«ት») ጉብጠትም (የካሬ ዝንባሌውም) መታገድ አለበት፣ አለዚያ ያው ጨዋታ በሌላ በር ይገባል። ከ30 እስከ 95 ሙሉውን ለመሸፈን የፕላት የ2009 ሞዴልም ጥሩ አማራጭ ነው።

ያልታዩትን ትውልዶች እንዴት እንተንብያቸው? ዝንባሌው ከታገደ በኋላ ት በዜሮ ዙሪያ የሚዋልል ነገር ሆኗል፤ ስለዚህ ካለበት ቀስ ብሎ ወደ ዜሮ የሚመለስ ተከታታይ አድርገው ይውሰዱት። ድሪፍት (ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ዝንባሌ) ያለው የዘፈቀደ ጉዞ አይስጡት፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትውልዶች ጫጫታ ወስዶ ሃምሳ ዓመት ያስኬደዋል። እነዚያን የመጨረሻ ትውልዶች ቀረብ ብለው ይዩአቸው። የ1985 ልጅ በመረጃዎ ውስጥ የታየው ከ30 እስከ 34 ዓመቱ ብቻ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚሞተው በብዛት በአደጋ፣ ራስን በማጥፋት፣ በአደንዛዥ ዕፅና በመሳሰለው ነው። ይህ ትውልድ በ80 ዓመቱ በልብ ሕመም እንዴት እንደሚሞት ከዚህ ምን ይታወቃል? ከሞላ ጎደል ምንም። ሞዴሉ ግን ሳያፍር ከዚህ ወደዚያ ይሻገራል። ጠርዝ ላይ ያሉትን፣ በእርስዎ መረጃ ከ1866 እስከ 1869 እና ከ1986 እስከ 1989 የተወለዱትን፣ ዜሮ ክብደት ስጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ከዚህም አልፌ ከ1970 በኋላ ያሉትን ት ወደ ዜሮ ጠጋ አደርጋቸዋለሁ።

ከዚያ ይፈትኑት። መረጃውን 2009 ላይ ቆርጠው እንደገና ይግጠሙና ከ1920 እስከ 1950 የተወለዱትን ት ከሙሉው መረጃ ት ጋር ደርበው ይሳሉ። ቅርጹ አንድ ላይ ከተኛ ያገኙት ነገር አለ። ጉብታው ቦታውን ከቀየረ ወይም ምልክቱ ከተገለበጠ፣ የትውልድ ክፍሉ ሌላ ሸክም ተሸክሟል ማለት ነው። የ2010–2019 ትንበያ በጠቅላላው ስለተሳሳተ ብቻ ግን ትውልዱን አይውቀሱ። በብሪታንያ ለምሳሌ ከ2011 ግድም ጀምሮ የሞት ምጣኔ ቅናሹ በግልጽ ዘገም አለ፤ ይህ በብዙ ትውልዶች ላይ በአንድ ጊዜ የወረደ የዘመን ነገር ነው፣ ትውልድ ያላቸውም የሌላቸውም ሞዴሎች አላዩትም። የሚመለከቱት የስሕተቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ስሕተቱ በሰያፍ መደርደሩን ወይም አለመደርደሩን ነው።

አለቃዎ። ቢአይሲ የራሱ ቦታ አለው፤ እዚህ ግን ሦስት ነገር አያይም። ከላይ ያሉት ሁለቱ ባለሙያዎች እኩል ቢአይሲ አላቸው። የ1919 የውሸት ሰያፍ የትውልድ ክፍል ሲጨመር ቢአይሲን በደንብ ያሻሽላል፤ ስሕተቱን በታማኝነት ስለሚገለብጥ። በእርስዎ 3,894 ሕዋስ ላይ 124 የልደት ዓመት ሲጨመር የሚቀጣው ቅጣትም ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ቀላል ነው፤ በትልቅ ሕዝብ መረጃ ላይ የትውልድ ክፍል ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ደረጃ ያሸንፋል። ስለዚህ ለአለቃዎ አንድ ቁጥር ይዘው አይሂዱ። በ65 ዓመት የሚጀምር የዕድሜ ልክ ጡረታ ዋጋን በሦስት መንገድ አስልተው ያቅርቡ፤ ያለ ትውልድ፣ ከትውልድ ጋር ማባዣው 1 ሆኖ፣ እና ማባዣው ከ85 በኋላ እየወረደ። ሦስቱ ከተቀራረቡ ክርክሩ ያበቃል። ከተራራቁ፣ የፈንዱ ኃላፊዎች ሊያውቁት የሚገባው ያን ርቀት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መረጃዎ 2019 ላይ ያቆማል፤ ሲያድሱት 2020 እና 2021 ይገባሉ። ኮቪድ የዘመን ምት ነው፣ ግን በሁሉም ዕድሜ እኩል አልመታም። ተራ የዘ ቁጥር ያንን ያልተስተካከለ ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ሊይዘው ስለማይችል የተረፈው ወደ ት ይፈስሳል፤ በዚያን ጊዜ በጣም አርጅተው በነበሩት ትውልዶች ላይ የሌለ «መጥፎ ትውልድ» ይወጣልዎታል። ለሁለቱ ዓመታት ዜሮ ክብደት ሰጥተው ይግጠሙ፣ ቀሪዎቹን እንደገና ይሳሉ፣ የ1920–1950 ት ከዛሬው ጋር ይደርቡት። ካልተደረበ ኮቪድ የገባበትን ቀዳዳ አልደፈኑትም።